ሳህሌ የሞተለት ግንብ

ከጥላዬ አፍ ቃል ማውጣት ያታክታል። አትላንታ አጠገብ፣ ዲኬተር ውስጥ ቤት ገዝቷል፤ ሚድታውን ውስጥ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፓርኪንግ ይጠብቃል፤ ሰላም ሲሉት "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ያልፋል። የሚያወራት አንዲት ታሪክ ብቻ ናት፤ እሷንም ቢሆን እማማ አበዛሽ ሲጠይቁት ነው። እማማ የሟቹ ጓደኛው የሳህሌ እናት ናቸው።

ታሪኩ ይህ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሁለቱ ጓደኛሞች ሊቢያ ውስጥ፣ በአንዲት የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ የሆቴል መሠረት ይቆፍሩ ነበር። ጥላዬ ኤክስካቫተር ይነዳል፤ ሳህሌ ከሌሎች ሐበሾች ጋር አካፋ ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። አንድ ቀን የማሽኑ ጥርስ የተጠረበ ድንጋይ ነካ። አፈሩን ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉት ግንብ ሆነ፤ ግንቡም እየዞረ ሄደ። ከሥሩ ጠባብ በር ያላት ጨለማ ክፍል ተገኘች። ሳህሌ ድቁና የተቀበለ ልጅ ነበር። ክብ ግንብ፣ ከውስጡ ሌላ ክፍል፤ በእኛ አገር ይህ ሌላ ምን ሊሆን ነው? "ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መቅደሱም ይኸው" አለና ጫማውን አወለቀ። ሌሎቹም አወለቁ። ድንጋዩን ተሳለሙና "ከእንግዲህ አንዲት አካፋ አንቆፍርም" አሉ።

አሠሪው ጠባቂዎቹን ጠራ። ሳህሌን በብረት ቀጠቀጡት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። በዚያ ግርግር ሥራው ስለተጓተተ ወሬው ከተማ ገባ፤ የቅርስ ሰዎች መጥተው ቦታውን አጠሩት።

እማማ አበዛሽ ሴት ልጃቸው ወደ አትላንታ ካመጣቻቸው ጀምሮ በየዓመቱ የሳህሌን ዝክር ያወጣሉ። መቃብሩን አያውቁትም። "ልጄ ለቤተ ክርስቲያን ሞተ" ይላሉ፤ ከእሱ የቀራቸው ይህ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ይከነክናቸዋል፤ ታቦቱ የማን እንደነበር።

እንግዲህ የእኔን የጎረቤታቸውን ጅልነት ስሙ። ባለፈው መጋቢት ጥላዬ የሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የዚያችን ከተማ ስም የያዘ የኤግዚቢሽን ማስታወቂያ አየሁ። ከስሙ በታች ያለውን ሳላነብ ሮጬ ለእማማ ነገርኳቸው። ጥላዬ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

"ይቅርባቸው፣ ይደክማቸዋል" አለኝ።

"በመኪናዬ ራይድ የምሰጣቸው እኔ! አንተን ምን አስጨነቀህ?" አልኩት። ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር።

በተባለው ቀን ወሰድኳቸው፤ እሱም ከሥራው ብሬክ ወስዶ ተከተለን። ግድግዳውን የሞላ ፎቶ ተሰቅሏል። ድንጋዩ ተጠርጎ፣ ተጠግኖ፣ ዙሪያውን የብረት መተላለፊያ ተሠርቶለታል። እንዲህ ያለ እንክብካቤ ለሰው ቢደረግ ምን ነበረበት! አስረጂዋ ፈገግ እያለች ታብራራለች፤ ሮማውያን የሠሩት አምፊቴአትር ነው፤ ሰው ከአውሬ ጋር የሚታገልበት። ጨለማዋ ክፍል አውሬ የሚታጎርባት ነበረች። "ሠራተኞቹ ሥራ በማቆማቸው ሳይፈርስ ተረፈ" ብላ ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈች። የሳህሌን ስም ከየት ታምጣው።

"ምን አለች? ታቦቱ የማን ነው?" አሉ እማማ።

ልተረጉምላቸው ጎንበስ አልኩ። ጥላዬ ግን ቶሎ ብሎ፣ "የጊዮርጊስ ነው አለች" አላቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሰው ነገሩን ከስንት ዓመት በፊት ያውቀው ኖሯል።

እማማ እንግሊዝኛ ባያውቁ ዓይን አላቸው። ፎቶውን አተኩረው አዩት።

"ይኼ ሁሉ መቀመጫ ነው" አሉ። "ሁሉም ወደ መሐል ይመለከታል። ተቀምጠው ምን ነበር የሚያዩት?"

ጥላዬ ወደሚቀጥለው ፎቶ ሊወስዳቸው ክንዳቸውን ያዘ።

"ጥላዬ፣ በጊዮርጊስ ስም አትዋሸኝ።"

"ሰው ሲሞት ነበር የሚያዩት፣ እማማ" አለ።

አላለቀሱም፤ ምነው ባለቀሱ። ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙና ወደ እሱ ዞሩ።

"ልጄን ሲመቱት አንተ የት ነበርክ? ጫማህን አውልቀህ አጠገቡ ቆመህ ነበር፣ አይደል?"

በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ማናችንም ይህን ጠይቀነው አናውቅም።

"አልወረድኩም፣ እማማ" አለ ጥላዬ። "ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ነበር።"