የተገመደ ስንቅ

በቀደም ከአስኮ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ የላስቲክ ከረጢት ከፍታ ዳቦ ቆሎ መቆርጠም ጀመረች። በርበሬ ያለበት ነው። ሽታው ገና ሲደርሰኝ ጥርሴን ነከስኩ። ልጅቷ ጨዋ ናት መሰለኝ፣ ከረጢቱን ወደ እኔ ዘርግታ «እማማ፣ ይውሰዱ» አለችኝ። «አልወድም!» አልኳት። ሳይታወቀኝ ተቆጥቼ ኖሯል፣ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። አንቺም ልጄ፣ ለምን ዳቦ ቆሎ እንደማልነካ ስትጠይቂኝ «ጥርሴን ያመኛል» እያልኩ ሸውጄሻለሁ። ጥርሴስ ደህና ነው። ዛሬ ልንገርሽ።

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ቤታችን ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ ነበር። ጠዋት በራችንን ስንከፍት አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ የነበርነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነን። እናቴ ዳቦ ቆሎ የምትሠራው እንደ ሰው አልነበረም። ሊጡን ለሁለት ትከፍለውና አንዱን በበርበሬ ታቀላዋለች፣ አንዱን በነጭነቱ ትተወዋለች። ሁለቱንም በመዳፏ እያሸች እንደ ገመድ ታረዝምና እንደ ሹሩባ ትገምዳቸዋለች፤ ከዚያ በቢላ ትቆራርጣለች። ከብረት ምጣዱ ሲወጣ እያንዳንዷ ፍሬ ግማሿ ቀይ፣ ግማሿ ነጭ ናት። ይህ ሁሉ ለእኛ ሲባል ነው። ወንድሜ የሚያቃጥል ነገር ይወዳል፣ እኔ ደግሞ በርበሬ አልችልም። ፍሬዋን በጥርሱ ፈልቀቅ አድርጎ ቀዩን እሱ ይበላና ነጩን ለእኔ ያቀብለኛል። በምራቁ የራሰ ነው። አንድ ቀን እንኳ ተጸይፌው አላውቅም።

ወንድሜን ፌርማታው ላይ ለጦርነቱ አፈሱት። ሳሙና ግዛ ተብሎ ወጥቶ ነው። ፀሐይዋ ገና ቆርቆሮው ላይ ነበረች። ሲጭኑት ያየ አንድ የሰፈር ሰው ሳሙናውን ከመሬት አንሥቶ አመጣልን። ከወራት በኋላ ወደ ሰሜን መላኩን ሰማን፤ ከዚያ ወዲያ የበላው ጅብ አልጮኸም። ሳሙናውን እናቴ አልታጠበችበትም። ሳጥኗ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት።

በልጇ ምትክ ስም ሰጧት፤ «የዘማች ቤተሰብ»። በቀበሌው ሱቅ ስኳርና ዘይት ሲመጣ ከሰልፉ ፊት እንድትቆም ተፈቀደላት። ከኋላ የሚያጉረመርመውን ግን የከለከለ የለም። «ታድላ! ልጇን ልካ ስኳር ትልሳለች» ያለችው ሴት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ ዞር ብላ አላየቻትም። ስኳሩን ይዛ ገባችና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ ሻያችንን መራራውን ጠጣን።

የስንቁ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። በየቤቱ «ለሠራዊቱ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ አምጡ» ተባለ። ሴቶቹ በቀበሌው አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ ያመጡት ሁሉ አንድ ላይ ይፈስሳል፣ በማዳበሪያ ተሞልቶ ይሰፋል። አዳራሹ በተቆላ ገብስና በአቧራ ይታፈናል፤ ድምፅ ማጉያው ማርሽ ይጮኻል። የምትመራው የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። ካኪ ለብሳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሴቶቹ መሐል ትንጎራደዳለች። እሷ ራሷ አንድ እፍኝ ዱቄት ስታቦካ ያየ ሰው የለም።

እናቴ በመጀመሪያው ጊዜ ዳቦ ቆሎዋን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ፣ ቋጠሮው ላይ የወንድሜን ስም በቀይ ክር ጠልፋ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«ጓዲት፣ ይችን ለልጄ ብትልኩልኝ» አለች፣ በሁለት እጇ እያቀረበች።

ሊቀመንበሯ ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈታችና የጋራው ባኞ ውስጥ ዘረገፈችው። «እዚህ የእኔ ልጅ፣ የአንቺ ልጅ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም የሠራዊቱ ነው» አለች። ባዶውን ጨርቅ ለእናቴ መለሰችላት። ሴቶቹ እያዩ ነበር።

እኔ አልቅሼ ወጣሁ። እናቴ ግን በመንገድ ላይ ፈገግ አለች። «ትዘርግፈው» አለችኝ፤ «የትም ብትደባልቀው ልጄ ያውቀዋል። እንደኔ የሚገምድ ማን አለ? አንዲት ፍሬ ከእጁ ከገባች፣ እናቴ አለች ይላል።»

ይሄ ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያዛት። ስንቅ በተጠራ ቁጥር ሌላው ሰው «ደግሞ መጡብን» ብሎ ያለውን ሲያዋጣ፣ እሷ ከጉሮሯ ነጥቃ እጥፍ ትገምድ ነበር። በርበሬ በተወደደበት ጊዜ ወጣችን አልጫ ሆነ፤ ቀዩ ሁሉ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ቢላዋ ጣውላው ላይ ቶሎ ቶሎ ሲያርፍ እሰማለሁ። ስትቆራርጥ እያወራችለት ነበር፤ «እንካ ይችን፣ እንካ ይችን» ትላለች።

ወደ ሰሜን ይሄዳል ብለን ነው።

የቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ በግድ አስገብተውኝ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከላይ የመጡ እንግዶች አሉ ተብለን፣ ወደ ቀበሌው መዝናኛ ክበብ ሄደን ስለ ጀግናው ሠራዊት እንድንዘፍን ታዘዝን። ክበቡ በቢራና በሲጋራ ሽታ ተሞልቷል። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ እየዘፈንኩ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። በየቢራው አጠገብ ሳህን ተደርድሯል፤ በየሳህኑ ላይ ቀይና ነጭ ግምድ። የእናቴ እጅ! ሊቀመንበሯ በካኪዋ ሽር ጉድ እያለች «ቅመሱ እንጂ፣ የሰፈራችን ሙያ እኮ ነው» ትላለች። አንድ ወፍራም ሰውዬ በእፍኙ ዝቆ አፉ ውስጥ ከተተና እያጨበጨበልን ቆረጠመው። አፌ ዘፈኑን አላቋረጠም። ሆዴ ውስጥ ግን ያን ዕለት የገባው ጥላቻ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ እንዲወጣም አልፈልግም።

ስንወጣ ከአንዱ ሳህን አንዲት ፍሬ አንሥቼ በመዳፌ ይዤ ሮጥኩ። ለእናቴ አሳየኋት። ተቀበለችኝና በብርሃኑ በኩል አገላብጣ አየቻት።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከክበቡ። ካድሬዎቹ ለቢራቸው እየቆረጠሙት ነው። ሁለተኛ እንዳትሠሪ!»

ፍሬዋን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። «ሁሉንም አይበሉትም» አለች። «ሌባ ሰረቀ ብዬ ልጄን ልቅጣ?»

በሚቀጥለው ስንቅ ግን እናቴን እናቴ መሆኗ እስኪጠፋኝ ድረስ አየኋት። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ያቺን አንዲት ፍሬ ከመቀነቷ ፈትታ ሊቀመንበሯ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። «ይቺ ልጄ ጋ መሄዷ ቀርቶ ክበብ ምን ትሠራለች?» አለች። ድምፅዋ አልጎላም። ያ ሁሉ ሴት ማንጠርጠሩን አቆመ።

ሊቀመንበሯ ፊቷ በርበሬ መሰለ። «የዘማች እናት ባትሆኚ ዛሬ የምትገቢበትን አሳይሽ ነበር» አለች። «ይሄ የአድኃሪ ወሬ ነው! እዚህ መሐል የምታምናት አለች?» ብላ ዞራ ሁሉንም አየቻቸው። የእናቴን ግምድ የማታውቅ ሴት እዚያ አልነበረችም። ክርስትና ላይ፣ ልቅሶ ላይ ስንት ጊዜ በልተውታል። አንዷም ቀና አላለች። ወዲያው ማንጠርጠራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ የዘማች ቤተሰብነቱ ቀረ። እናቴ ሱቁ ደጃፍ ስትደርስ «ዛሬ አልቋል» ይሏታል፤ ከኋላዋ ላለችው ይሰፍራሉ። ደጃችንን የረገጠች ጎረቤታችን፣ የአንድ ነጋዴ ሚስት ብቻ ነበረች። ስኳር በሻሿ ጫፍ ቋጥራ በጓሮ በኩል ትገባና «አይዞሽ እህቴ፣ አላህ አይተኛም» ብላት ትወጣለች። ሌሎቹ መንገድ ላይ ሲያዩን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። እናቴ ይህ ሁሉ ሆኖ፣ በሚቀጥለው ጥሪም ገምዳ ይዛ ሄደች። ተናድጄ ቢላውን ደበቅኩባት። በመቀስ ቆረጠችው።

ደርግ የወደቀ ሰሞን በአስኮ በኩል የተበተነው ሠራዊት ወደ ከተማው ጎረፈ። የተቀደደ ካኪ፣ እግራቸው ላይ ጨርቅ የጠመጠሙ፣ በምርኩዝ የሚጎተቱ። «ስለ እናታችሁ፣ የምትቀመስ ነገር» እያሉ በየበሩ ይቆማሉ። ስንቅ ሲያዘጋጅ የከረመው ሰፈር በሩን ከረቸመ። ከቆርቆሮው ኋላ ሆነው «ሂዱ ወዲያ!» የሚሉት ስንቱ ነበሩ። ሊቀመንበሯም ካኪዋን ጉድጓድ ቀብራ ነጠላ አጣፍታ ወጣች። ዛሬ አርጅታ ማኅበርተኞቿ መሐል ትቀመጣለች፣ ልጆች ጉልበቷን ይስማሉ። እኔ ሰላም አልላትም። ይቅር በይ ይሉኛል፤ ይቅር የሚለው የተበደለው ነው፣ እሱ ደግሞ የለም።

እናቴ ግን በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ጣውላውን ደጅ አውጥታ ትገምዳለች፣ ትቆላለች፣ ለመጣው ሁሉ በእፍኝ ትሰጣለች። ከሰጠች በኋላ ፊታቸውን ታያለች። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ በልተህ ታውቃለህ?» ትላለች። «አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ቀዩን ለራሱ ፈልቅቆ ነጩን ለሰው የሚሰጥ።» አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላው አፉ ስለሞላ አይመልስም። ሲሄዱ በዓይኗ ትሸኛቸውና ሌላ ትጠብቃለች። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት። መክሳቷን ሳይ ወታደሮቹ እየገደሉብኝ ያሉ መሰለኝ፣ በእነሱም ተናደድኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተደግፎ ተራውን የሚጠብቅ ወታደር አየሁ። ከፊቱ የነበረውን እናቴ ስትጠይቀው ቆሞ ይሰማል። ተራው ደረሰና አንዲት ፍሬ አፉ ሊከት ሲል እጁን መለሰ። ፍሬዋን ትኩር ብሎ አያት።

«እናቴ፣ ይቺን አውቃታለሁ» አለ።

ዳቦ ቆሎውን የምታገላብጥበት ማንኪያ ከእናቴ እጅ ወደቀ።

«ምሽግ ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። ስንቅ ሲመጣ ከማዳበሪያው ቀይና ነጯን እየለቀመ 'የእናቴ ናት' ይለን ነበር። ቀዩን ይበላል፣ ነጩን ለእኔ ይሰጠኛል።»

«ደረሰው?» አለች።

«ደረሰው፣ እናቴ። ጠግቦ ነበር።»

የት ነው፣ አለ ወይ ብላ አልጠየቀችም። እሱም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የተረፈውን ሁሉ ከሰፌዱ እሱ በዘረጋው ነጠላ ላይ ገለበጠችለትና ጉልበቱን ይዛ አለቀሰች። ወንድሜ ከተወሰደ ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። አጥሩ ሥር ሆኖ ሲሰማ አይቼዋለሁ! የራሷን ቃል ነው የመለሰላት። ተከትዬው ወጥቼ ከመታጠፊያው ላይ ያዝኩት።

«ዋሸሃት አይደል? ለእፍኝ ዳቦ ቆሎ ብለህ!»

አልካደም። ዳቦ ቆሎውን የያዘውን ነጠላ ወደ እኔ ዘረጋልኝ፤ «እንኪ፣ መልሺው» አለ። አልተቀበልኩም። በዕድሜ ከወንድሜ አይበልጥም ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«እህቴ» አለኝ፣ «ጎጃም እናት አለችኝ። ወንድሞቼን ጨምሮ ሦስታችንንም ወስደውባታል፤ የተረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም እዚያ የምደርስ አይመስለኝም። እሷም ደጅ ላይ ተቀምጣ ያለፈ ያገደመውን እየጠየቀች ይሆናል። አንድ የሚዋሽላት ሰው ቢገኝ ብዬ ነው።»

ምርኩዙን እየጎተተ ቁልቁል ሄደ።

ስመለስ እናቴ ጣውላውን አጥባ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ሳጥኗን ከፍታ ያንን የደረቀ ሳሙና አውጥታ፣ ፊቷን እየታጠበችበት ነበር። «ሰማሽ አይደል? ደርሶታል» አለችኝ። «ሰምቻለሁ» አልኳት። እስክትሞት ድረስ ዳቦ ቆሎ አልሠራችም።