ወረቀት ያለው ውሻ አያብድም

ውሻ ከጣሳ ውኃ ሲጠጣ ምላሱ የሚያሰማው ድምፅ፣ ዛሬም በመንገድ ሳልፍ ድንገት ጆሮዬ ከገባ፣ የያዝኩትን እንደያዝኩ እቆማለሁ፤ ጠጥቶ እስኪጨርስም ከቦታዬ አልንቀሳቀስም። እዚህ ወልድያ የሚያውቁኝ ሰዎች «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ከውሻ ጋር ምን አላት?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያ ድምፅ ከቤታችን የጠፋበትን ሳምንት እነሱ አላዩትም።

ያኔ የምንኖረው ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከብርቱካንና ከማንጎ ማሳዎች አጠገብ ነበር፤ ወልድያ ለመሄድ ወንዙን መሻገር ግድ ነው። አባቴ የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ነበር። ሥራው አልቆ ፈረንጆቹ ሲሄዱ፣ ሌላው ሠራተኛ በአልጋና በብርድ ልብስ ሲሻማ፣ እሱ ሦስት ውሾች እየጎተተ መጣ። «ዘር ያላቸው ናቸው» አላት እናቴን፤ ከደረት ኪሱም ማኅተም ያረፈበት የክትባት ወረቀት አውጥቶ አሳያት። እናቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ምን እንደሚበሉስ ይናገራል?» አለችው።

በዚያ ክረምት፣ ዝናቡ ቤት ሲያስቀረኝ፣ የሦስቱንም ጠባይ አጠናሁ። ሬክስ የሚባለው ጀርመን ሼፐርድ ቆጣሪ ነበር፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ፣ ሦስታችንም ግቢ ገብተን ካላየ አይተኛም፣ አንዳችን ከጎደልን በበሩና በመንገዱ መካከል እየተመላለሰ ያላዝን ነበር። ባዕድ ሰው እንዲነካኝ አይፈቅድም፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ጉንጬን ልትስም ስትጠጋ በመሃላችን ገብቶ ጥርሱን ያሳያት ስለነበር ከሩቅ ሰላም ማለት ለመደች። ምግብም ቢሆን ከአባቴ መዳፍ ካልሆነ አይቀምስም። አባቴ ማዕድ ላይ መጀመሪያ እኔን ያጎርሰኝና፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ይዞ እጁን ወደ በሩ ይዘረጋ ነበር።

ቶቶ ደግሞ ወገበ ረጅም፣ እግረ አጭር ዳክስሁንድ ነው። ጉድጓድ ገብቶ አውሬ እንዲያወጣ የተዳቀለ ዘር ነው ይላል አባቴ፤ የእኛው ግን ጉድጓድ የሚቆፍረው ለመደበቂያ ነበር። ቂመኛ ነው። እናቴ አንዴ በመጥረጊያ ብትመታው፣ መጥረጊያውን ሰርቆ ማንጎው ሥር ቀበረው፤ አዲስ ስትገዛ አዲሱንም ቀበረው።

ሎላ ግን ቂም የሚባል አልፈጠረባትም። ወርቃማ ላብራዶር ነበረች፤ ማንጎ ከነልጣጩ ትበላለች፣ የመስኖ ቦይ ባየች ቁጥር ዘላ ትገባለች፣ ወጥታም የታጠበ ልብስ አጠገብ ካልተራገፈች ደስ አይላትም። ለመጣው ሁሉ ጭራዋን ትቆላለች። እናቴ «ይቺማ ሌባ ቢመጣ ፋኖስ አብርታ ነው ዕቃችንን የምታሳየው» ትል ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ከውርጌሳ በኩል ለሃጩን ያዝረበረበ ውሻ እየተንገዳገደ ግቢያችን ገባ። ሬክስ ቀን ቀን የሚታሰርበትን ሰንሰለት ሊበጥስ ደረሰ፣ ቶቶ ጉድጓዱ ገባ፣ ሎላ እንግዳ የመጣ መስሏት ጭራዋን እየቆላች ሄደች፤ ከንፈሯን ነከሳት። ሰዎች ውሻውን አሳደው ገደሉት። አባቴን «የነከሳትን አስወግዳት» ቢሉት፣ ያንን ወረቀት አወጣባቸው። «ተከትባለች እኮ! ወረቀት ያለው ውሻ አያብድም።» የክትባቱ ጊዜ ካለፈ ስንት ዓመቱ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ማንበብ ግን እችል ነበር።

ኅዳር ሲጋመስ ሎላ ማንጎ እምቢ አለች። ቦዩ አጠገብ ወስጃት ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ውኃ ባስቀምጥላት አትጠጣም፣ አገጯም ተንጠልጥሎ ቀረ። ሆዴ ነገረኝ። ለአባቴ «ሎላ ሎላ አይደለችም» አልኩት። እሱ ግን «አጥንት ተሰንቅሮባት ነው» አለና፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ቀኝ እጁን እስከ ጉሮሮዋ ከተተ። አጥንት የለም። እጁን ሲያወጣ ጥርሷ ጭሮት ነበር፤ በአመድ አበሰው። በሦስተኛው ቀን ሎላ ሞተች።

አስተማሪያችን ክፍል ውስጥ ነግረውን ነበር፤ ያበደ ውሻ ምራቅ ከቁስል ከገባ መከላከያው መርፌ ሳይውል ሳያድር መወጋት አለበት፣ ሰውየው ውኃ መፍራት ከጀመረ ግን መድኃኒት የለውም። እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኳቸው። እናቴ «ወልድያ ሆስፒታል እንሂድ» አለች። አባቴ ግን አያ ይመር ከሚባሉ የመድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄዶ፣ የተቀጠቀጠ ሥር በወተት ጠጥቶ ተመለሰ፤ አርባ ቀን ወንዝ እንዳይሻገር፣ በድልድይም ቢሆን እንዳይሞክር አስጠንቅቀውታል። «ወንዝ ከተሻገርኩ መድኃኒቱ ይፈርሳል፣ ያኔ ሞትኩ ማለት ነው» አለን። ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አያ ይመር ዘንድም ሄጄ «ይፍቀዱለት፣ እባክዎን» ብዬ አለቀስኩ፤ «ልጄ፣ አባትሽን አትግደዪው» ብለው መለሱኝ። እንግዲህ ወዴት ይኬዳል?

ስምንት ቀን አባቴ ውኃ ሲጠጣ ስመለከት ኖርኩ። ብርጭቆ ባነሳ ቁጥር ጉሮሮውን አያለሁ። አንዴ ትን ቢለው እኔ ጮህኩ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ እናቴን «ወንዙን ልሻገር ነው» አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ የሬክስን ሰንሰለት ፈታችልኝ። ተሻግሬ ከማዶው ሾላ ሥር ተቀመጥኩ። ሬክስ የጎደለ ሰው አይወድም፤ ወንዙን ወዲህና ወዲያ እየተሻገረ ሲጮህ አባቴን ከቤት አወጣው።

«ነይ!» አለኝ ከወዲያ ማዶ።

«አባዬ፣ ካልመጣህ አልመጣም።»

ተቆጣ፣ ለመነ፣ ድንጋይ አነሳ፣ ጣለው። መንገደኛውን «እሷን አምጡልኝ» ቢል፣ ሬክስ ማንንም አላስጠጋ አለ። አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ «ሂጂ አምጫት» አላት።

«እግሬን አሞኛል» አለችው፤ አሸዋው ላይ እንደ መሃንዲስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ። «ልጅህ አይደለችም? ራስህ አምጣት።»

ፀሐዩ አናታችን ላይ ሲደርስ፣ ሌላ መላ አጥቼ፣ ተነሥቼ ከወንዙ እየራቅሁ መሄድ ጀመርኩ። ያኔ ጫማውን አውልቆ ገባ። ውኃው ከጉልበቱ አያልፍም ነበር፤ እሱ ግን ገደል እንደሚወርድ ሰው በእግሩ እየዳሰሰ መጣ። ሲደርስ አልመታኝም። «ገደልሽኝ እኮ» ብሎ አሸዋው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እውነት ገድዬው ይሆን ብዬ እኔም አለቀስኩ። እናቴ ኮቱን ይዛ ተሻገረች፤ «በል እንግዲህ፣ መድኃኒቱ ከፈረሰ ፈረሰ፤ መኪና እንያዝ» አለችው። ያለው ምርጫ መርፌው ብቻ ነበርና ሄደ።

ከሎላ ጋር የዋሉ ውሾች እንዲወገዱ ሰፈሩ ወሰነ። መርዝ ያለበት ሥጋ አመጡ። ቶቶ ወዲያው በላ፤ ቢቀብረው እንኳ ምን ነበረበት። ሬክስ ግን ከባዕድ እጅ አይበላም። ሁለት ቀን ሥጋው ፊቱ ተቀምጦ ዋለ፣ አላየውም። በሦስተኛው ቀን፣ አባቴ መርፌውን ተወግቶ ከወልድያ ሲመለስ፣ ሰዎቹ በር ላይ ጠበቁት። ሥጋውን ተቀብሎ፣ መርዙ እንዳይነካው በላስቲክ በተጠቀለለው ቀኝ እጁ ዘረጋለት። ሬክስ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን፣ አልጎደልንም፤ ጭራውን ቆልቶ በላ።

አባቴ ዛሬም አለ፣ መርሳ ነው። ራሱን ባመመው ቁጥር «ያን ቀን ባታሻግሪኝ ኖሮ ይኼ አይይዘኝም ነበር» ይለኛል፤ አያ ይመር ናቸው ያዳኑኝ ብሎ ያምናል፣ እኔም አልከራከረውም። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ምን እንደማይ ስለሚያውቅ ውኃውን በአንድ ትንፋሽ ይጠጣና ብርጭቆውን ደፍቶ ያሳየኛል።

ድሮ ሳያጎርሰኝ እህል አይቀምስም ነበር። ለሬክስ ያንን ሥጋ ከዘረጋበት ቀን ወዲህ ግን ማንንም አጉርሶ አያውቅም፤ በሠርጌም ቀን አፌን ከፍቼ ብጠብቀው፣ እጁን ወደ ኋላው ሸሸገው። አሁንም ማዕድ ሲቀርብ ሰሐኑን ወደ እኔ ይገፋና «ራስሽ ብዪ፣ ልጄ» ይለኛል።