ሳይዘጋ የቀረው የቮልሷ መስኮት

ያሳደጉኝ አጎቴ አሮጌ ቮልስ ነበረቻቸው። ከጭስ ማውጫው ጋር የተያያዘው ማሞቂያዋ በዝገት ተበስቶ ጭሱ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ በዚያ በንፋስ መውጫ ከተማ ብርድ መስኮቱን ከፍተው ነበር የሚነዱት። እኔና ወንድሜ ስንንቀጠቀጥ ሲያዩን፣ «ዝም በሉ! ብርድ ለንስሐ ጊዜ ይሰጣል፤ ጭስ አይሰጥም» ይሉን ነበር።

ካለሁበት አገር አዲስ ማሞቂያ ላክሁላቸው። በስልክ «ጋሼ፣ አስገጠሙት?» ብላቸው፣ «ስትመጪ ይገጠማል። አንቺ ሳትኖሪ ሙቀቱ ለማን ነው?» አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ መስኮቱን እንደከፈቱ ነዱና የሳንባ ምች ጣላቸው። እንዳሉትም ብርዱ ጊዜ ሰጣቸው፤ ተናዘዙ፣ ቆረቡ። እኔ ግን ሳልደርስ ቀረሁ።

ከተዝካሩ በኋላ ወንድሜ ማሞቂያውን አስገጠመው። «አሁንማ ትሞቃለች፤ መስኮቱን መዝጋት ግን እጄ እንቢ አለኝ» ይላል።

ጋሼ፣ ነፍስዎን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ። አሁን ብመጣስ፣ ሙቀቱ ለማን ነው?