ሰዓዳ እምቢ አላለችም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን እናዘዛለሁ፤ እሷ ዘንድ ስደርስ እዘላለሁ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ያደግሁት ሐይቅ ከተማ፣ የደሴ መኪና ከደጃችን በሚያልፍበት ቤት ነው። የተመደብሁት አምባሰል ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ሰዓዳ ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ከተራራው በእግሯ ወርዳ መጣች። ፊቷ አብጧል፤ የደም ግፊቷ ያስፈራል። «አሁኑኑ ሆስፒታል ትሄጃለሽ» አልኋት። አልጠየቅኋትም፤ አዘዝኋት።

«እሽ እህቴ» አለችኝ። «ግን ሁለቱን ልጆች ቤት ዘግቼባቸው ነው የመጣሁ። አባታቸው ዐረብ አገር ነው። ለሰው አደራ ሰጥቼ ነገ በጧት ብመጣስ?»

«ልጆቹን ማን ይያዝልሽ?» ብላት ምን ነበረበት? አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ እኔ ዘንድ አለ። አንድ ጊዜ መደወል! እኔ ግን ወረፋ በሚጠብቁት ሴቶች ፊት፣ «መውለድ ብቻ ነው የምታውቂው? ካልሄድሽ ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ!» አልኋት። አንዷ ሳቀች። ሰዓዳ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ወጣች። እያየኋት ወጣች።

በማግስቱ አልመጣችም። እንዳትመጪ ብያት የለ? በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቿ በቃሬዛ አመጧት፤ ያንዘፈዝፋታል። ደሴ ሳትደርስ እሷም አለፈች፣ የሆዷም ልጅ አለፈ።

አለቆቼ ሲጠይቁኝ፣ «መክሬያት ነበር፤ እምቢ ብላ ሄደች» አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁ። እምቢ አላለችም። የለመነችኝ የአንዲት ሌሊት ጊዜ ነው። ቃሌ ግን ከጤና ጣቢያው ወጥቶ ተራራው ላይ ደረሰ፤ «በገዛ እልኋ ሞተች» ተባለላት።

ከወራት በኋላ ባሏ ከዐረብ አገር ተመልሶ መጣ። ልጆቹን በግራ በቀኝ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። ሊያፋጥጠኝ የመጣ መሰለኝ። እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

«እህቴ፣ ብትለምኛት እምቢ ብላ አስቸገረችሽ አሉ። ባለማወቅ ነው። ለአላህ ብለሽ አፉ በያት።»

ያኔ እውነቱን መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። ማንም አፌን አልያዘኝም። ልጆቹ ቀና ብለው ያዩኛል። እኔ፣ ያባረርኋት እኔ፣ «ይቅር ብያታለሁ» አልሁት።

«አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» ብሎ መረቀኝ።

አሜን አልሁ።