ነርሷ የከፈተችው መስኮት

ወንድሜ፣ ስልክ አታነሳም፤ በድምፅ ስማኝ። ያቺ የሉማሜ ጤና ጣቢያ ነርስ ትናንት እንዴት እንዳናደደችኝ። አባቴን ሳል እንቅልፍ ነስቶት ወሰድኩት። ገና ስንገባ መስኮቱን ብርግድ አደረገችው። የታመመ ሽማግሌ ንፋስ ላይ ይቀመጣል? ተነስቼ ዘጋሁት። ከፈተችው። ደግሜ ዘጋሁት።

«በብርድ ልትገድዪው ነው?» አልኳት።

«ቲቢ ከሆነ የሚያዛምተው የታፈነ ክፍል ነው። አባባ፣ ጋቢዎን ይደርቡ» ብላ እንደገና ከፈተችው።

ልጮህባት ስል ሳል አነቀኝ። ወደ እኔ ዞራ፣ «ይሄ ሳል ስንት ጊዜው ነው?» አለች።

«ወር ቢያልፈው ነው። እኔን ተይኝና አባቴን እይ።»

ለሁለታችንም የአክታ ዕቃ ሰጠችን። ውጤቱ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። የአባቴ ጉንፋን ነው። «መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳታቋርጥ ዋጥ፣ ትድናለህ» የተባልኩት እኔ ነኝ።