ጫማ የማይበረክትለት ፈረስ ልንሸጥ ወጥተን

ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ... የመጀመሪያዋን ደንበኛዬን ጫማ እያስለካኋት ስልኬ ጠራ። አባቴ ናቸው። ደሴ መጥቻለሁ፣ ቡላን ልሸጠው ነው፣ ከብት ገበያው ጋ ነይ ብለው ዘጉት።

ለማታውቁን... እኔ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ቦታ ጫማ እሸጣለሁ። አባቴ ኮምቦልቻ ጋሪ ይነዳሉ። ቡላ ደግሞ ጋሪውን የሚጎትተው ፈረስ ነው። ማለቴ፣ ይጎትታል ተብሎ የተገዛው። አንገቱንና ጋማውን ብታዩ ማሻአላህ ነው። ሰኮናው ግን እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። የብረት ጫማ ሲያስመቱለት ሚስማሩ የሚይዘው ያጣና ጫማው አስፋልት ላይ ይቀራል፣ የሰኮናውም ቁራጭ አብሮ ይሄዳል። የጫማ ነጋዴ ቤት ፈረስ ባዶ እግሩን ሲያነክስ ይታያችሁ።

አባቴ ያልሞከሩት የለም። የሚያድርበትን በደረቅ ጭድ አነጠፉለት፣ ሰኮናውን ሞረዱለት፣ ቅባት ቀቡት፣ መጨረሻ ላይ ከመኪና ጎማ በረባሶ አሠሩለት። በበረባሶው ሳር ለሳር ደህና ይሄዳል፤ ጋሪ ሲጎትት ግን በረባሶው ይዞርበታል። ሰኮናው በደንብ እስኪያድግ ወራት ይፈልጋል፣ የቤታችን እንጀራ ደግሞ ያለው ጋሪው ላይ ነው። ስለዚህ ቡላ ዛሬ ተሸጦ፣ ሌላ ፈረስ ዛሬውኑ መገዛት አለበት።

ስደርስ ቡላ ከአይሱዙ ላይ እየወረደ ነበር። ዳገቱን በእግሩ ስለማይችለው እንደ ባለሥልጣን በመኪና መጥቷል። አባቴም እንዳይፈራ ብለው ከኋላ አብረውት ቆመው ነው የመጡት።

እንግዲህ ነጋዴ ነኝና መከርኳቸው። እኔ ጫማ ስሸጥ «ሶሉ ክረምት ላይ ይለቃል» ብዬ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ላይ እናቁመው፣ ሰኮናው አይታይም፣ ሰው ጥርስ እንጂ እግር አያይም፣ እርስዎ ብቻ ዝም ይበሉ አልኳቸው። ዋሹ አላልኩም፤ ዝም ይበሉ ነው ያልኩት።

«አብሽሪ» አሉኝ። እኔም ሞኟ እሺ ያሉኝ መስሎኝ።

ከጎናችን አንድ ሰውዬ ዳማ ፈረስ ይዞ ቆሟል። የፈረሱ አራቱም ጫማ አዲስ ነው፣ ሰኮናው ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ሰውዬው መፋቂያውን ይዞ ጥርሱን ይፍቃል እንጂ ቃል አይወጣውም። እንዲህ ያለ አባት አማረኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከገራዶ የመጣ አንድ ጎልማሳ ቡላን ወደደው። ጥርሱን አየ፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገ፣ ዋጋ ጠየቀ። እግሩን ዞር ብሎም አላየው። በልቤ ዱዓዬን ጨርሼ አሚን ልል ስል አባቴ ጎንበስ አሉ። የቡላን እግር ከጭቃው አውጥተው በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ልጄ፣ ይሄን እየው። ሰኮናው ጫማ አይዝም። ሀቁን ሳልነግርህ ብሸጥልህ ሐራም ይሆንብኛል» አሉት።

ኢናሊላሂ።

ተረት ቢሆን ሰውየው በእውነታቸው ተደንቆ እጃቸውን ይስም ነበር። የገራዶው ሰው ግን ሰኮናውን አየ፣ አባቴን አየ፣ አይሱዙውን አየ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አባቴ... ይሄን ያህሉን በአፍዎ ከተናገሩ፣ የደበቁት ምንድን ነው?»

አባቴ ሌላ ምንም የለም ብለው ወላሂ አሉ። እሳቸው በማሉ ቁጥር ሰውየው ይሸሻል። ይናከሳል ወይ፣ ያመዋል ወይ፣ ለምንስ በመኪና መጣ እያለ ጠየቀ። ይባስ ብሎ ወደኔ ዞሮ፣ ይቺ ልጅ ለምንድን ነው ዝም ያለችው አለ። የመከርኩትን ዝምታ ለራሴ አስቀርቼው ኖሯል።

ከዚያ ሄዶ ጎናችን ያለውን ዳማ ገዛ። እየጎተተው በኛ በኩል ሲያልፍ፣ ሻጩ የማይለፈልፍ የሚታመን ሰው ነው ብሎ መከረን።

በግኜ አባቴ ላይ ጮህኩባቸው። እሳቸው «እውነት ተናገርና የመሸበት እደር» ብለው ተረቱብኝ። እዚያው ሊያድሩ ነበር፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ቡላን ዞር ብሎ የጠየቀ የለም። እንከኑ የተደበቀው ፈረስ ተብሎ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጠን ለቡላ በረባሶዎቹን አሰርንለትና ይዘነው ወጣን። ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ የገራዶው ሰው ከፊታችን ነው። ዳማው ያነክሳል። ትንሽ እንደሄደ አዲሱ የብረት ጫማ ከነሚስማሩ፣ ከነሰኮናው ቁራጭ ወልቆ ቀረ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

አባቴ ግን ጫማውን አንስተው ተከተሉት። የዳማውን እግር አንስተው ሲያዩ የድሮው ሚስማር ቀዳዳ በሰም ተደፍኗል፤ ከላይ ደግሞ ጥቁር የጫማ ቀለም ተቀብቷል። ሽታው እኔ ሱቅ ካለው አንድ ነው። ሻጩ ጋ ሰው ሮጦ ተመለሰ፤ ሰውዬው ከነመፋቂያው የለም።

የገራዶው ሰው ላብ አጠመቀው። አባቴ አንዱን በረባሶ ከቡላ እግር ፈትተው ለዳማው አሰሩለት። ሚስማር ዳግም እንዳይመታበት፣ ደረቅ ቦታ እንዲያሳድረው፣ አስፋልት እንዳያስረግጠው አስረዱት። ሰውየው እንባ ቀረሽ ሆኖ፣ ከዛሬ ወዲያ እርስዎ ሳያዩልኝ ፈረስ አልገዛም፣ ስልክዎን ይስጡኝ አላቸው።

እኔም ጊዜው አሁን ነው ብዬ ገባሁ። እንዲህ ካመንካቸው ገራዶ ሳር ነው፣ አስፋልት የለብህ፣ ቡላን ለምን አትወስደውም አልኩት።

ሰውየው በሦስት በረባሶ የቆመውን ቡላን ረጅም ጊዜ አየው።

«የለም እህቴ» አለኝ ዝግ ብሎ፣ «እሱ ላይ እንኳ አንድ የደበቃችሁት ነገር ሳይኖር አይቀርም።»

አባቴ «አብሽሪ» አሉኝ። ጋሪው እስካሁን ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ዶሮዎቹ ወርሰውታል። የገራዶው ሰው በየቀኑ እየደወለ ስለ ዳማው ሰኮና ያማክራቸዋል።

እና ወገኖቼ... ቡላ አሁንም ለሽያጭ ነው። ከሰኮናው በቀር አንድ እንከን የለበትም፣ ወላሂ።

...አያችሁ፣ እናንተም ተጠራጠራችሁ።