ጨምሪ ያልኳት መጨረሻ

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ፤ ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል። ውሻ እፈራለሁ፣ ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ ርእሰ መምህራችን ቢሮ ካስጠራኝ ያጠፋሁት ነገር ባይኖርም ልቤ ይመታል። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የሚሉት እኔን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ታብሌቶቹ ሮቤ ከተማ፣ እኛ ትምህርት ቤት ሲደርሱም መጀመሪያ የፈራሁት ዕቃዎቹን ነበር። ስምንት ናቸው፤ አንድ ድርጅት ነው የሰጠን። የአራተኛ ክፍል ልጆቼ አርባ ስለሆኑ አምስት አምስት እየሆኑ አንዱን ይከቡታል። ሥልጠና የሰጠን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። ልጆች በጣታቸው ሥዕል የሚስሉበት፣ ከሥዕሉ ጋር ደግሞ በገዛ ድምፃቸው ተረት የሚቀዱበት አፕ አሳየን። «አታርሟቸው» አለን ደጋግሞ። «ልጁ የፈጠረውን እንደፈጠረው ተዉት።» ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ሃያ ዓመት ቀይ እስክሪብቶ የያዘ እጅ ግን በማስመር ብቻ አመሉን አይተውም።

ታብሌቶቹን ቻርጅ የማድረጉን ሥራ ለአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ሰጠኋት። ከገጠር ነው የመጣችው፤ ከተማ ገብታ እንድትማር ተብሎ ከአጎቷ ቤት ትኖራለች። ክፍል ውስጥ አትናገርም። ስትጠየቅ ትቆምና ወለሉን ታያለች፤ ጓደኞቿ «ቲቸር፣ እሷ እኮ አትናገርም» ይሉልኛል። አፍ የማይጠይቅ ሥራ ይሁንላት ብዬ ነው። ሥራውን ግን ከማንም በላይ ያዘችው። የእኛ መብራት ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚሄድ ነው። እሷ ማለዳ መጥታ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ያለው ማከፋፈያ ላይ በየተራ ትሰካቸዋለች። ከዚያ ክፍላችን ገብታ የሰሌዳው ጥግ ላይ የእያንዳንዱን ቻርጅ በጠመኔ ትጽፋለች፦ ሰማንያ፣ ስድሳ አምስት፣ መቶ። እኔም ቁጥሩን አይቼ ነበር የቀኑን ሥራ የማከፋፍለው።

ድምፅ መቅዳት አርባ ልጅ በሚንጫጫበት ክፍል ከባድ ነው። ልጆቹ ራሳቸው መላ ፈጠሩ። ተረኛው ታብሌቱን ይዞ ዴስክ ሥር ይገባና ሹራቡን ከራሱ በላይ ይከናነባል። አንድ ቀን ያቺ ልጅ እንደዚያ ተከናንባ አየኋት፤ ከሹራቡ ሥር ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል። በዕረፍት ሰዓት ታብሌቱን ከፍቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል ነበር። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነው የምትተርከው። «አንዲት ፈርዳ ነበረች» ብላ ጀመረች፤ ፈረስ ማለቷ ነው። ፈረሷ ከገጠር ወደ ከተማ መጣች። ቀን ቀን ውሃ ታመላልሳለች። ሲመሽ የፊት እግሮቿን በሰማያዊ ገመድ ያስሯታል፤ ካልታሰረች ገብስ ትሰርቃለች ይላሉ። «ፈረሷ ግን ሌባ አይደለችም። ርቧት ነው። ቆማ ታድራለች። አለቀ።» ሥዕሉ ላይ ቡኒ ፈረስ አለች፤ የፊት እግሮቿ ላይ ሰማያዊ ቀለበት ተደርጎባቸዋል።

ደስታዬን አልችለው አልኩ። መምህራን ማረፊያ ሄጄ «ዝምተኛዋ ልጅ ደራሲ ሆና አረፈችው!» እያልኩ ለሁሉም አሰማሁ። ፈጠራ ማለት ይኼ ነው አልን። ለወላጆች በዓል ከሚቀርቡት ተረቶች አንዱ የእሷ እንዲሆን ወሰንኩና ጠራኋት።

«ግሩም ነው የኔ ልጅ። ግን መጨረሻው ያሳዝናል። እንግዶች ናቸው የሚያዩት፤ ደስ የሚል መጨረሻ ጨምሪበት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ልጨምር?» አለች በሹክሹክታ።

«ሰዎች ይምጡና ይርዷት።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ተረቱን የሰሙት ናቸዋ!» አልኳት እየሳቅሁ፣ ምንም ሳላስብ።

በማግስቱ ጨምራ አመጣች። በረድፍ የተቀመጡ ብዙ ሰዎችን ስላለች። ፈረሷ ስትናገር ሰሙ፤ ሁሉም ተነሡ፤ አንዲት ሴትዮ ገመዱን በቢላ ቆረጠችው። እኔም እጄን ጭንቅላቷ ላይ አድርጌ «ጎበዝ» አልኳት።

በዓሉ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ታብሌቶቹን ልወስድ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ስገባ ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ ግድግዳው ላይ ካለው ማከፋፈያ ገመድ ትነቅላለች። ስትንጠራራ የሹራቧ እጅጌ ወደ ክርኗ ሸሸ። አንጓዋን ዞሮ የሚሄድ ጠባሳ አየሁ፤ ከሥር የጠቆረ አሮጌ፣ ከላይ ገና ያልደረቀ ቀይ። ሌላኛው እጇም እንደዚያው ነው። ፈረስ እጅ የላትም፤ ለዚህ ነው ተረቷ ላይ «የፊት እግር» ያለችው።

ማየቴን አየች። እጅጌዋን ግን አልሳበችም። እንደዚያው ቆማ ጠበቀችኝ።

እኔ ምን አልኩ? «በይ ቶሎ በይ፣ እንግዶች እየመጡ ነው» አልኩ። ይህን ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴን መሸፈን ያምረኛል።

ክፍሉ ሞላ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡት፣ የድርጅቱ ሰዎች፣ ወላጆች በረድፍ ተቀመጡ። ከፊት ረድፍ መካከል አጎቷ አሉ። የወላጆች ኮሚቴ አባል ናቸው፤ የታብሌቶቹን ማስቀመጫ የብረት በር ያስበየዱልን እሳቸው ናቸው። በሱቃቸው በር ባለፍኩ ቁጥር ከመቀመጫቸው ተነሥተው «አካም ጅርቱ፣ መምህርት?» ብለው ደኅንነቴን የሚጠይቁኝ ጨዋ ሰው። የዚያን ቀን መርቀው በዓሉን የከፈቱትም እሳቸው ነበሩ። «ልጆቻችንን ያሳድግልን፣ አንደበታቸውን ይፍታልን» አሉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ያሰሯት እሳቸው ይሁኑ ሚስታቸው አላውቅም ነበር፤ ግን በእሳቸው ቤት ነው።

ተረቶቹ መታየት ጀመሩ። ክንፍ ያወጣች ባጃጅ መጣች፤ ሰው ሳቀ። አልላጥም ብሎ የሚሮጥ ድንች መጣ፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ሦስተኛዋ እሷ ናት። ስሟ ሲጠራ አጎቷ አጠገባቸው ወዳለ እንግዳ ዘንበል ብለው «ይቺ የእኛ ናት» ሲሉ ሰማሁ።

ታብሌቱን ያዝኩ። ተረቱን ብከፍተው እሳቸው በሁለት አረፍተ ነገር ይገባቸዋል። ሌላው ሰው ላይገባው ይችላል፤ እኔስ መቼ ገባኝ? ከዚያ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ልጅቷ ደግሞ ወደዚያው ቤት ትገባለች። ለእሷ ፈራሁ ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ለራሴ ነበር፤ እሳቸውን፣ ርእሰ መምህሩን፣ «አቧራ አስነሺ» መባልን ፈራሁ።

«ይቅርታ፣ ይኼኛው ቻርጅ ጨርሷል» አልኩ።

ከኋላ አንድ ዴስክ ተንቋቋ። ልጅቷ ተነሥታ ቆማለች።

«መቶ ነው ቲቸር» አለች። በዚያ ጎርናና ድምፅ፣ ሁሉም በሚሰማው። «እኔ ነኝ የሰካሁት።» ጣቷን ዘርግታ ከኋላዬ ያለውን ሰሌዳ አሳየች። መቶ ይላል። ሰው ሁሉ ሰሌዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ጓደኞቿ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም። አጎቷም ዞረው ተመለከቷት።

እኔስ? «እ... ስክሪኑ ነው ያስቸገረው» አልኩና ወደሚቀጥለው ተረት አለፍኩ። ቆማ ቆየች። ከዚያ ተቀመጠች።

ሰኞ አልመጣችም። ታብሌቱን ከፈትኩት፤ ተረቱ የለም። ቅዳሜ ታብሌቱን ወደ ቢሮ ስትመልስ አጥፍታዋለች። ማክሰኞም አልመጣችም። የክፍሉ በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክው እል ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ በሱቃቸው በር አለፍኩ። «ጉንፋን ብጤ ይዟት ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «እግዜር ይማራት» ብዬ እግሬን አፈጠንኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲነቅዝ አደረ።

ረቡዕ መጣች። የሹራቧ እጅጌ እስከ ጣቶቿ ድረስ ወርዷል፤ ስትራመድ አንድ እግሯን ትጎትታለች። በዕረፍት ሰዓት አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ተረትሽ የት ሄደ?»

«አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«መጨረሻው ውሸት ነው» አለች ጠረጴዛውን እያየች። «ጨምሪ ያሉኝ ቲቸር ነዎት።»

የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ ሰጥቼ፣ ለርእሰ መምህሩም ሳልናገር፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችኝ። «ማስረጃ ይዘዋል?» አለችኝ። «ተረት ነበረ፤ ጠፍቷል» አልኩ፤ ለራሴው ዕብድ መስዬ ተሰማኝ። ከዚያ የፈረሷን ተረት እንደሰማሁት በአፌ ነገርኳት፤ እኔ ያስጨመርኩትን ትቼ። የልጅቷን አንጓ ነገርኳት፣ እግሯን ነገርኳት። ሠራተኛዋ ጻፈች፣ ጻፈች። መጨረሻ ላይ ስሜን እስከ አያቴ ጠየቀችኝና ወረቀቱን አቀረበችልኝ። ፈረምኩ።

በዚያው ሳምንት ከቤቱ አወጧት። አሁን ጎባ፣ የእናቷ እህት ዘንድ ናት፤ እዚያ ትምህርት ቤት ገብታለች አሉኝ። አጎቷ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው አይነሡም። እኔም በዚያ መንገድ መሄድ ትቼ በጋሪ ተራ በኩል ዞሬ ነው የምገባው።

ጎባ ቅርብ ነው፤ ሚኒባስ ላይ ተቀምጦ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ልጠይቃት ስንት ጊዜ ተነሥቻለሁ። አንድ እሑድ ብስኩትና የሥዕል ደብተር ገዝቼ ጎባ መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። ከሚኒባሱ ወርጄ ትንሽ ቆምኩና በዚያው ሚኒባስ ተመለስኩ። አጎቷን ፈርቼ አይደለም፤ እሳቸው ሮቤ ናቸው። እሷን ነው የፈራሁት። «ቅዳሜ ዕለት እጄን አይተው ሳለ ለምን ዋሹ?» እንዳትለኝ።